የእንግዳዋ ቀጠሮ

«ለማን ነው ፈቃድ የምትጠይቀው?» አለች እትዬ፣ ወንድሟ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያስር በላዩ ላይ ቆማ። «እስኪ ንገረኝ። የሞተ ሰው የመኖሪያ ፈቃድ ያወጣል?»

ሶፋ ሠሪው ቀና አላለም። ሚስቱን ከቀበረ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ሦስቱን ቀን ተቀመጥ ሲሉት ተቀምጦ፣ ቅመስ ሲሉት ቀምሶ፣ አይዞህ ሲሉት አንገቱን ነቅንቆ፣ ሰው እንዳደረገው ሆኖ ነበር የዋለው። ዛሬ ግን ከአልጋው ሲነሳ ጀምሮ ፊቱ ሌላ ነው።

«ቀጠሮ አለን» አለ። «ለአራት ሰዓት፣ ኢሚግሬሽን።»

«ቀጠሮው የእሷ ነው። እሷ ደግሞ...» እትዬ አልጨረሰችውም። ዘወር ብላ ለቀስተኛውን አየች፤ ፍረዱኝ ማለቷ ነው።

ለቀስተኛው መፍረዱን ትቶ ሻዩን ፉት አለ። የተቀመጠውም በሰው ሶፋ ላይ ነው። ሶፋ ሠሪ ቤት ለቅሶ ሲሆን ወንበር ፍለጋ መንከራተት የለም፤ ለጥገና የመጣው ሁሉ ከፊት ካለው ሱቅ እየተጎተተ ገብቶ፣ ሽቦው የወጣውም ብርድ ልብስ ጣል ተደርጎበት፣ ቤቱ ጢም ብሏል። አንዲት ደንበኛማ ትናንት ልታጽናና መጥታ የገዛ ሶፋዋ ላይ ተቀመጠች። እግዜር ያጽናህ እያለች በመዳፏ ስፖንጁን ጫን ጫን ታደርግ ነበር። ምን ታድርግ፣ ሁለት ወር ጠብቃለች።

«ሰው ምን ይላል?» አለች እትዬ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ሰው ያለውን ብሏል» አለና ተነሳ።

ያለውንም በጆሮው ሰምቷል። ትናንት ከሰዓት ትንሽ አየር ልውሰድ ብሎ ወደ ሱቁ ሲወጣ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሁለት ሴቶች ብርጭቆ ያጥባሉ። አንዷ ጎረቤቱ ባለ ፀጉር ቤቷ ናት፤ ሁለተኛዋ ራሷ እትዬ።

«እንግዳዋ ወረቀቷን ሳትይዝ ሞተች እንጂ፣ ይዛ ቢሆን ኖሮ ይኼኔ የት በደረሰች» አለች ባለ ፀጉር ቤቷ።

እትዬ ተነፈሰች። «እኔስ የምለው ይኼንኑ አይደል። ነገ ጥላው ሄዳ መሳቂያ ከምታደርገው፣ ዛሬ አልቅሶ መቅበሩ ይሻለዋል።»

እንግዳዋ። አራት ዓመት አብራቸው ኖራ፣ በቋንቋቸው እየቀለደች፣ በደስታቸው እየሳቀች፣ በሐዘናቸው እየተቀመጠች፣ ለሰፈሩ ያው እንግዳዋ ነበረች። ከሩቅ አገር ለሥራ መጥታ የቀረች ሴት ናትና ሌላ ስም አላወጡላትም።

ሶፋ ሠሪው መጋረጃውን ገልጦ ሊገባባቸው ፈልጎ ነበር። እግሩ ግን አልተንቀሳቀሰም። ምን ብሎ ይገባል? ነገሩ ሲጀመር እውነትም ለወረቀት ነበር።

ያኔ እሷ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ተኳሽ ነበረች። የሥራ ፈቃዷ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው አብራት የምትሠራ ጓደኛዋ አገናኘቻቸው። እሱ የሆቴሉን ወንበሮች ሊያለብስ ይመላለስ ነበር። «ደህና ሰው ነህ፤ ሚስት የለህም፤ ምን ትጎዳለህ?» አለችው ጓደኛዋ። አሰበበት። በአርባ ስድስት ዓመቱ ከሬዲዮ ጋር የሚጨቃጨቅ ወንደላጤ ምን ይጎዳል? ውላቸው አጭር ነበር፤ ተጋብተው አንድ ቤት ይኖራሉ፣ ቋሚ ፈቃዷ ሲወጣ ሁሉም በየፊናው።

እሱ ጓዳ፣ እሷ ሱቁ ውስጥ ለጥገና የመጣ ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ ላይ ይተኙ ጀመር። ሦስት ወር እንዲህ ሄደ። በመሀል ነገር አመጣች። ጨርቁን ከመወጠርህ በፊት ለምን አትተኩሰውም አለችው። ሃያ ዓመት የሠራሁትን ሥራ ልታስተምሪኝ ነው ብሎ ተቆጣ። በማግስቱ ምሳ በልቶ ሲመለስ ጨርቁ ተተኩሶ ጠበቀው። እየተነጫነጨ ወጠረው። ያ ሁልጊዜ ማዕዘኑ ላይ እየተሸበሸበ ደሙን የሚያፈላው ጨርቅ ለጥ ብሎ ተኛ። አመሰግናለሁ ማለት ሞት መስሎት በምትኩ ሌላ ጨርቅ አቀበላት።

አንድ ቀን የዚያ ሶፋ ባለቤት ጋሪ ይዞ መጣና ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ከሥራ ስትመለስ መኝታዋ የለም። ብርድ ልብሷን ታቅፋ ባዶው ቦታ ላይ ቆመች።

«እና የት ልተኛ?» አለች።

«ሌላ ሶፋ እስኪመጣ ድረስ...» አለና ወደ ጓዳው አየ።

በማግስቱ ሁለት ሶፋ መጣ። ከዚያ ወዲህ ስንቱ መጣ፣ ስንቱ ሄደ፤ የመኝታ ነገር ያነሳ ግን አልነበረም።

ትቀሪያለሽ ወይ ብሎ ግን ጠይቋት አያውቅም። እቀራለሁ ብላውም አታውቅም። ወረቀቱ ሲመጣ ይታያል ብሎ በሆዱ ይዞት ኖረ። ወረቀቱ ሳይመጣ፣ ባለፈው ሳምንት ላውንደሪው ውስጥ ካውያዋን እንደያዘች ልቧ ቀጥ አለ። እንግዲህ ማን ይመስክር? የሴቶቹ ወሬ ያንገበገበው ስለዋሹ አይደለም። ዋሽታችኋል የሚልበት ነገር ስላጣ ነው። ኢሚግሬሽኑም መዝገቧ ላይ «በጥርጣሬ የተያዘ ጋብቻ» ብሎ ጽፎባታል፤ ቃሉ እዚያው ተጽፎ ሊቀር ነው።

«ቀብሬያታለሁ» አለ ለእትዬ፣ ካፖርቱን እየደረበ። «ተጠርጥራ ግን አትቀርም።»

ኢሚግሬሽን እንደ ወትሮው ሞልቷል። ኮሪደሩ ውስጥ ጥንዶች በአግዳሚው ላይ ተደርድረው ይጠናናሉ።

«እናቴ ስንት ልጅ አላት?»

«አምስት።»

«ስድስት። ታናሼን ረሳኸው፤ ኋላ ጉድ ታፈላለህ።»

ሶፋ ሠሪው ፊቱን አዞረ። ከስምንት ወር በፊት እነሱም እዚሁ አግዳሚ ላይ ነበሩ። ከፍለው የያዙት ጉዳይ አስፈጻሚ አርባ ጥያቄ ከነመልሱ ጽፎ ሰጥቷቸው፣ አንድ ወር ሙሉ ሲያጠኑት ከርመው። የት ተዋወቃችሁ? በጓደኛ ሠርግ ላይ። መጀመሪያ ማን አናገረ? እሱ። ለየብቻ አስገቧቸው፤ እሱ አርባውንም እንደ ጸሎት አወረደው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ የባልና የሚስት ቃል ስላልተጣጣመ ጋብቻው በጥርጣሬ ተይዞ ለዳግም ምርመራ ተቀጥሯል ይላል።

«አርባ ጥያቄ መያዝ አቃተሽ?» ብሎ ጮኸባት ያን ዕለት። «እኔ ሽማግሌው ይዤው!»

ልብስ ታጥፍ ነበር። «ረሳሁት» አለች። ማጠፏን ቀጠለች። ሁለት ቀን ኮረፋት። አሁን ያቺን ሁለት ቀን ቢመልሱለት ምን ነበረበት።

ተራው ደርሶ ገባ። መርማሪዋ መነጽር ያደረገች፣ ድካም ፊቷ ላይ የሚታይ ሴት ናት። ከፊቷ ሁለት ወንበር አለ። በአንዱ ተቀመጠ።

«ባለቤትዎስ?»

«ሞታለች። አራት ቀኗ።»

መርማሪዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «በጣም አዝናለሁ። መምጣትም አልነበረብዎትም፤ የሞት ማስረጃውን ቢልኩልን እንዘጋው ነበር።»

«አይዘጋም።»

«አመልካች ከሌለ ማመልከቻ የለም፣ ጌታዬ።»

«ጥርጣሬውስ? እሱም አብሯት ሞተ?»

ብዕሯን መልሳ አነሳች።

«ሚስቴን ጠርጥራችኋል» አለ። «በወረቀት ጽፋችሁባታል። ፈቃዱን አልፈልግም፣ ማን ሊሠራበት? ከአንድ እስከ አርባ ጠይቁኝና ያንን ቃል ሰርዙት። እስከዚያ ከዚህ ወንበር አልነሳም።»

«ጥበቃ ልጥራ?» አለች፤ በቁጣ ግን አይደለም።

«ይጥሩ። ከለቅሶ ቤት ነው የመጣሁት፤ ተሸክመው ይመልሱኝ።»

መርማሪዋ በሩን አየች፣ ሰዓቷን አየች። ከዚያ መዝገቡን ከፈተችው። «እሺ። የት ተዋወቃችሁ?»

በጓደኛ ሠርግ ላይ የሚለው ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ አጥንቶታላ። ቀጥሎ ያለውን ባዶ ወንበር ሲያይ ግን መዋሸት አስጠላው።

«ጓደኛዋ ናት ያገናኘችን» አለ። «ፈቃዷ ሊያልቅባት ነበር። ለወረቀት ነው የተጋባነው። ኋላ ነው ሌላ የሆነው። መቼ እንደሆነ ቢጠይቁኝ ቀኑን አላውቀውም፤ ሶፋው የሄደ ሰሞን ነው።»

«ባለፈው በሠርግ ላይ ብለው ነበር።»

«ዋሽቼ ነበር።»

መርማሪዋ ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጠች። አንዱ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ለራሷ አነበበች፤ ከንፈሯን ነከስ አደረገች። «እሷ ግን አልዋሸችም» አለችና መዝገቡን ወደ እሱ አዞረችለት።

በማሽን የተጻፈ ነው። *ጥያቄ፦ ለምን አገቡት? መልስ፦ ለወረቀት። ጥያቄ፦ አሁንስ? መልስ፦ አሁን ወረቀቱን ብትከለክሉኝም ከእሱ ቤት የትም አልሄድም። ከፈለጋችሁ መጥታችሁ አስወጡኝ።*

ደግሞ አነበበው። ረሳሁት ብላው ነበር። ምንም አልረሳችም። እሱ የጉዳይ አስፈጻሚውን ተረት በዚያኛው ክፍል ሲያወርድ፣ እሷ በዚህኛው እውነቱን ነግራቸው ወጥታ፣ የእሱንም ቁጣ የእሱንም ኩርፊያ ችላ ልብሱን አጥፋ አስቀምጣለታለች። ቃላቸው እንዳይጣጣም ያደረገው እሱ ራሱ ነው። አፈረ። ከእፍረቱ ሥር ደግሞ፣ ሰው ቢያይበትም ግድ ያልሰጠው ኩራት ነበረ። ወይ ሴትዮ።

«ሰርዙት» አለ።

«መዝገብ የገባ ቃል መሰረዝ አልችልም። እውነቴን ነው።»

«እንግዲያው የዚህን ገጽ ግልባጭ ስጡኝ።»

«ግልባጭ የሚሰጠው ለትዳር ጓደኛ ብቻ...» አለችና አቋረጠችው። የራሷን ቃል የሰማችው ገና አሁን ነው። መሳቢያዋን ሳበችና አንድ ቅጽ አወጣች። ከሟች ጋር ያለዎት ዝምድና የሚል ቦታ አለው። ሶፋ ሠሪው ብዕሩን ተቀብሎ «ባል» ብሎ ጻፈ፤ ከመጫኑ ብዛት ወረቀቱ ተቀደደ። መርማሪዋ ሌላ ቅጽ አልሰጠችውም። በተቀደደው ላይ ማኅተሙን መታችበት፤ ግልባጩንም አንስታ ጨመረችለት።

«እዚህ ላይ የእኛ ማኅተም አለበት፤ ባል ይላል» አለች። «የሚጠይቅዎ ካለ ያሳዩት።»

ቤት ሲደርስ ሰው ሞልቶ ነበር። የላውንደሪ ጓደኛዋ ከሥራ መጥታ በሩ ሥር ተቀምጣለች። ባለ ፀጉር ቤቷ ሻይ ታዞራለች። እትዬ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«ምን አሉህ?»

ክፍሉ መሀል ቆሞ ወረቀቱን ዘረጋና ከፍ ባለ ድምፅ አነበበ። «ጥያቄ፣ ለምን አገቡት? መልስ፣ ለወረቀት።»

ባለ ፀጉር ቤቷ ትሪውን እንደያዘች እትዬን አየቻት፤ እትዬ መሬት መሬት አየች።

«ምነው ወንድሜ» አለች እትዬ። «ይኼ እንግዲህ በሰው ፊት...»

«አልጨረስኩም» አለ። ቀሪውን አነበበው። አንዷንም ቃል አልዋጠም።

መጀመሪያ የተሰማው የጓደኛዋ ሳቅ ነው። አፏን በመዳፏ ይዛ ሳቀች፤ ሳቁ ወዲያው ለቅሶ ሆነ። «እሷ ናት» አለች። «ሥራ አስኪያጁም አንሶላ ተበላሸ ብሎ ሲቆጣት እንዲህ ነበር የምትመልስለት።»

«ለመንግሥት ሰው?» አለች እትዬ ቀስ ብላ። «መጥታችሁ አስወጡኝ አለቻቸው?»

«አዎ።»

«ሳትፈራ?»

«ሳትፈራ። ወረቀት ሳይኖራት።»

እትዬ ሻሿን ከራሷ አውርዳ ፊቷን ጠረገችበት። እስከዛሬ ያለቀሰችው ለወንድሟ ነበር። «እኔ ደግሞ ብርጭቆ እያጠብኩ...» ብላ ጀመረችና አቃታት።

ሶፋ ሠሪው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። የትም አልሄድም ብላ ነበር። ከሄደች አራት ቀኗ ነው። ወደ ውጭው በር ሄደ። የለቅሶ ቤት በር አይዘጋም፤ ይኼኛውም ከቀብር መልስ ጀምሮ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው። ሁለቱንም መዝጊያ ስቦ ገጠመ። መቀርቀሪያውን ወረወረ።

«ይምጡ» አለ። «መጥተው ያስወጧት።»

ጀርባውን በሩ ላይ አስደግፎ ቁልቁል ተንሸራቶ መሬት ተቀመጠ። ከውጭ አንድ ለቀስተኛ አንኳኳ። አንድም ሰው ሊከፍት አልተነሳም። እትዬ ብቻ በሶፋዎቹ መሀል አልፋ መጣች። ከጎኑ ቁጭ አለችና እሷም ጀርባዋን በሩ ላይ ገፍታ አስደገፈች።