ጋራውን የቀመሰችው ልጅ

ከዚህ በታች አንዲት የውሸት ቃል ብትገኝ የከሚሴ ባጃጅ ሁሉ በአንድ ጀምበር ጎማው ይፈንዳ።

አደም የመጨረሻውን ጆንያ ድንጋይ ጋራው ላይ በተቆፈረው የምርመራ ጉድጓድ አፍ ላይ ሲዘረግፍ ጎህ እየቀደደ ነበር። ብፅዓት የምትባል የማዕድን ባለሙያ፣ አንድ ኩባንያ ልኳት፣ ከእሱና ከሚስቱ ከአስያ ማሽላ በላይ ያለውን ጋራ መመርመር ከጀመረች አሥር ቀን ሆኗታል። መዳብ አለው ብላ ከጻፈች የመቆፈሪያው ማሽን ይመጣል፤ የሚያልፈውም ማሽላውን ደፍጥጦ ነው። የለውም ካለች ኩባንያው ዕቃውን ጠቅልሎ ይሄዳል። እስካሁን ያገኘችው ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው።

አደም ስለ ማሽላው አላሰበም። እንቅልፍ የነሳው እንግዳ ከአገሩ ከጨፋ ባዶ እጇን ልትመለስ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከአማቶቹ አገር፣ የሦስት ቀን መንገድ፣ በዘጠኝ ግመል መዳብ ያለበት አረንጓዴ ድንጋይ ጭኖ መጣ። ግመሎቹ ሲሻገሩ ቦርከና ለአፍታ መፍሰሱን አቁሞ ነበር።

ረፋድ ላይ ልጅቷ ወደ ጋራው ወጣች። ሦስት ሺህ ሰው ከቧታል፤ ቢያንስ። ጎረቤቱ አብዱልጀባር ጋራህ ሌሊቱን ጎመን አበቀለ እንዴ እያለ ያሾፍበታል። ብፅዓት መዶሻ አላነሳች፣ ማጉያ መነፅር አላወጣች። የመሬትን ሆድ እንደ እናት የምታውቅ ልጅ ምን ያደርግላታል? አንዱን ድንጋይ አንስታ በምላሷ ጫፍ ነካ አደረገችና ዓይኗን ጨፈነች።

"ጋሽ አደም፣ ይሄ የዚህ ጋራ አይደለም፤ እንደ እኔ እንግዳ ነው።"

አደም አንገቱን ደፋ። "ወላሂ ልጄ፣ ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ ብዬ ነው።"

ብፅዓት ሳቀች። መዝገቧ ላይ "ተስፋ የለውም" ብላ ጻፈች። አንዷን አረንጓዴ ድንጋይ ግን ከናሙናው ከረጢት ሳይሆን ከገዛ ኪሷ ከተተች።

በሳምንቱ ሰንበቴ ገበያ አደም ይህንኑ ሲያወራ የከብት ነጋዴው ሁሉ ዋጋ መከራከሩን ትቶ ያዳምጠው ጀመር። ድንጋይ ቀምሳ አገሩን የምታውቅ ሴት! የአፋሩም የደገኛውም ሰው ሱብሃነላህ አለ።

ከጎኑ አስያ የፍየሏን ገመድ እየቋጠረች ቀና እንኳ አላለችም።

"ግመል አልነበረም፣ የሙጂብ አባት። የኛው አህያና ግማሽ ጆንያ ነው። ልጅቷም አልቀመሰችውም፤ አቧራውን እፍ ነው ያለችው። ጠዋት ወተት ሳደርስላት ድንጋዩን አንተ እንዳመጣኸው እኔ ነኝ የነገርኳት። ለእንግዳ ወተቱ ይበቃታል፤ ማሽላው እያሸተ ነበር።"