መሰላል ይከራያል

…መሰላሉንም ፎቶ አንስቶ ለጥፎታል፣ ከፊትም ከጎንም፣ ከሥሩ «ብዙ ያላገለገለ፣ በጥሩ ይዞታ ላይ የሚገኝ» ብሎ ጽፎለታል፣ እውነቱን ነው፣ አንዴ ብቻ ነው የተወጣበት፣ መጋረጃ ሊሰቅል፣ ሚስቱ ከታች የመሰላሉን እግር ይዛ፣ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ኧረ በዛ፣ እያለች። መጋረጃው አለ። እሷ የለችም። አንድ ሻንጣ ይዛ ስትወጣ ዕቃው በሙሉ ለእሱ ቀረ፣ ስድስት ወንበር፣ ሁለት ካውያ፣ ለእንግዳ የተገዛ ሳህን፣ የትኛው እንግዳ፣ ሐሳቡም ያኔ ነው የመጣለት፣ ሰው ሁሉ ቤቱ የማይሠራበት ዕቃ ቆልሏል፣ ለምን አይከራይም፣ ዌብሳይት ልሥራ፣ ስሙም «አውሰኝ» ይባል፣ መሥሪያ ቤቱን ለቀቀ፣ ሠራው፣ ይኸው አከራይም እሱ፣ ጎብኚም እሱ፣ ጠያቂ የለም።

የለም እንኳ አይባልም። ቅድም በሩ ተንኳኳ፣ ከጎን ያሉት ልብስ ሰፊዋ፣ ልጄ መሰላል ካለህ አውሰኝ፣ አምፖሌ ተቃጥሎብኝ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃተኝ፣ እሱም፣ አፉን በቆረጠው፣ እትዬ በስልክዎ ይመዝገቡና ይጠይቁኝ፣ ወዲያው እፈቅድልዎታለሁ። እዚሁ ደጅህ ላይ ቆሜ? አዎ፣ ክፍያ የለውም፣ መመዝገቡ ብቻ ነው። ሳቁ። የምሩን መሆኑን ሲያዩ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉት፣ ተወው ልጄ፣ መላ አላጣም፣ ብለው ሄዱ።

እና ይጠብቃል። ገጹን ያድሳል፣ ምንም፣ ያድሳል፣ ምንም፣ ምናልባት የይለፍ ቃል አስቸግሯቸው ይሆናል፣ ምን የይለፍ ቃል፣ በጨለማ የተቀመጡ ሴትዮ፣ እሱ ገጹ ላይ አንድ ስም ብቻ ነበር የፈለገው፣ የእሱ ያልሆነ አንድ ስም፣ ሰው ናፍቆታል፣ ይኸው ነው፣ ሌላ ስም የለውም፣ ሰው ደጁ ድረስ ሲመጣለት ደግሞ ወረፋ አስያዘው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ትል ነበር እናቱ። አትመዘገብም ነበር እሷም።

ከግድግዳው ወዲያ ወንበር ይጎተታል። እንደገና ይጎተታል። መላቸው ይሄ ነው እንዴ፣ ወንበር ላይ ሊወጡ ነው፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ ደረጃ ሲወጡ እንኳ መሀል ላይ የሚያርፉ ሰው፣ ቢወድቁ ማን ይሰማል፣ እሱ ነው የሚሰማው፣ በግድግዳ፣ እንዲህ ተቀምጦ።

መሰላሉ ትከሻው ላይ ነው፣ የበሩን ጉበን ይገጨዋል፣ ኮሪደሩ፣ የእሳቸው በር፣ እጁ ይነሳል፣ አይመታም፣ የሰው በር ካንኳኳ ስንት ጊዜው ነው፣ ምን ነበር የሚባለው፣ ጥያቄዎ ተቀባይነት አግኝቷል? ያንኳኳል።

ማነው?

እኔ ነኝ።

እኔ ማን?

ማን ነው እውነትም፣ የስድስት ወንበር ጌታ፣ የማን ባል፣ የማን ምን፣

ጎረቤት፣ ይላል፣ ጎረቤትዎ ነኝ እትዬ፣ ከወንበሩ ይውረዱ፣ እኔ እወጣለሁ፣ እርስዎ ከታች የመሰላሉን እግር ይያዙልኝ።