የዳይሬክተሩ ሮስተር

ሦስት ጊጋ ባይት ቆሻሻ መጠረጉን የሚያበስር አረንጓዴ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ጡረተኛው ዳይሬክተር እጆቹን አፋተገና ሮስተሩን ወደ ራሱ ሳበ። ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት፣ ጠራጊው። ትንሽ አሰብ አደረገና ዘጠና ስድስት ከመቶ ሰጠው። "ጠባይ" በሚለው ዓምድ ሥር ደግሞ፣ "ታዛዥ፣ ንጹሕ፣ ለሌሎች አርአያ የሚሆን" ሲል ጻፈ። መቶ ከመቶ በሥራ ዘመኑ ለማንም ሰጥቶ አያውቅም፤ ለገዛ ልጁም ቢሆን።

ሮስተሩ የምር የተማሪዎች ማርክ መመዝገቢያ ነው። ከትምህርት ቤቱ ሲሰናበት አንድ ባዶ ጥራዝ ከንብረት ክፍል ፈርሞ ወስዶ ነበር፤ ለምን እንደወሰደው ራሱም አያውቅም። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን ሥራ ተገኝቶለታል። ዳይሬክተሩ ኢንተርኔት ላይ "ነፃ" የተባለ ፕሮግራም ባየ ቁጥር ያወርደዋል፣ ይመዘግበዋል፣ ይፈትነዋል። ተራ ቁጥር ሦስት ከቫይረስ የሚጠብቅ ነው፤ "ያለ ምክንያት ይጮኻል፣ ክፍል ይረብሻል፣ ወላጅ ይዞ ይምጣ" ተብሎበታል። ተራ ቁጥር ስድስት ፎቶ የሚያስተካክል ነው፤ "ጎበዝ ነው፤ ነገር ግን ሳይጠየቅ ሁለት ጓደኞቹን ይዞ ገባ።" ተራ ቁጥር ዘጠኝ ነፃ ነኝ ብሎ ተመዝግቦ በአሥራ አምስተኛው ቀን ገንዘብ በመጠየቁ ተባሯል። ተራ ቁጥር አሥራ አንድ የጠፋ ፋይል የሚመልስ ሲሆን ሠላሳ አንድ ከመቶ አግኝቷል። "ከመጣ ጀምሮ ምንም ሲሠራ አልታየም። የኋላ ወንበር ተማሪ።" እሱንም ዛሬ ሊያሰናብተው ቆርጧል።

ይህ ሁሉ ሽር ጉድ የአንድ ፕሮግራም ፍለጋ ነው። ዳይሬክተሩ ፊደል የሚያጎላለት ነገር ይፈልጋል። "ዓይኔ ደከመ" ይላል በየቀኑ፣ ሚስቱ እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ውሸቱን ነው። የእሱ ዓይን ከመንገድ ማዶ የቆመ መኪና ታርጋ ያነብባል። የደከመው የእሷ ዓይን ነው። እሷ ግን ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ሚስቱ አራሚ ናት። ሃያ አምስት ዓመት ማተሚያ ቤት ተቀምጣ፣ ከስድስት ዓመት ወዲህ ደግሞ እቤቷ ሆና፣ መጻሕፍት ከመታተማቸው በፊት ስህተታቸውን ትለቅማለች። ባለፈው ወር ከአንድ የሂሳብ መጽሐፍ ላይ አንዲት ዜሮ አመለጠቻት። የክፍሉ ኃላፊ ደውሎ፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ቢፈጠር ሥራውን ለወጣቶቹ ለመስጠት እንደሚገደድ ነገራት። ስልኩን ዘጋችና አንድም ቃል ሳትናገር የታጠበ ሰሃን እንደገና ማጠብ ጀመረች። ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆሞ አይቷታል፤ አንጀቱን በላችው። በማግስቱ ደግሞ አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ስትሠራ አያት።

ፊት ለፊት ቢጠይቃት እንደምትቆጣ ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሯት የኖረ ሰው አይጠፋውም። ስለዚህ የራሱን ዓይን አሳመመ። ጥሩ ማጉያ አገኘ፤ ሁለቱም የሚጠቀሙበት ኮምፒውተር ግን ቦታ የለኝም አለ። ቦታ ለማግኘት ጠራጊው ተጠራ። ጠራጊውም ጠረገ።

ሚስቱ እህቷ ዘንድ ደርሳ ስትመለስ አራት ሰዓት አልፎ ነበር። የአምስተኛ ክፍል ሳይንስ መጽሐፍ፣ ዘጠኝ ምዕራፍ፣ ታርሞ አልቋል፤ አሥር ሰዓት ላይ የማተሚያ ቤቱ ሾፌር መጥቶ ይወስደዋል። ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ማውዙን ያዘች።

"ቅርጫቱን ማን ነካው?" አለች።

"የቱን ቅርጫት?"

"የኔን ቅርጫት። ባዶ ነው።"

"እሱማ እኔ ነኝ" አለ ኩራት ቢጤ እየተሰማው። "ሦስት ጊጋ ባይት ቆሻሻ ነው የወጣው። እንዴት ተሸክሞት እንደቆየ እንጃ።"

ማውዙን ለቀቀች። ዳይሬክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"መጽሐፉ እኮ እዚያ ውስጥ ነበር" አለች ቀስ ብላ።

"መጽሐፍ ቆሻሻ ውስጥ ምን ይሠራል?"

"ቆሻሻ አይደለም። ቅርጫት ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ማተሚያ ቤት በየአራሚው ጠረጴዛ ጎን አንድ ቅርጫት ይቀመጥ ነበር። ያላለቀ ሥራ ጠረጴዛ ላይ ይቆያል፤ ያለቀው ቅርጫት ውስጥ ይገባል፤ ተላላኪዋ ከሰዓት መጥታ ትሰበስባለች። ሃያ አምስት ዓመት እንዲህ ሠርታለች። ኮምፒውተር ሲሰጣት ስክሪኑ ጥግ ላይ አንዲት ቅርጫት ተቀምጣ አየች፤ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። ያለቀውን ምዕራፍ እየጎተተች ትከታለች፣ በርክክቡ ቀን መልሳ ታወጣለች። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ገጽ አልጠፋባትም፤ ቅርጫት የሚደፋ ሰው ቤት ውስጥ አልነበረማ።

ዳይሬክተሩ ክው አለ። ዘጠኝ ምዕራፍ ብቻዋን እንደገና ለማረም ሁለት ሳምንት ይፈጅባታል። ያላቸው ስድስት ሰዓት እንኳ አይሞላም።

"አጠፋሁ" አለ።

"አቶ ዳይሬክተር" አለች። ሲከፋት እንዲህ ነው የምትጠራው። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

ልጃቸው ሌላ ከተማ አንድ ባንክ ኮምፒውተር ክፍል ትሠራለች። በሁለተኛው ጥሪ አነሳች።

"አባዬ፣ መጀመሪያ እጅህን ከኮምፒውተሩ ላይ አንሳ።"

"አንስቻለሁ።"

"ሁለቱንም?"

"ሁለቱንም። ስልኩን እናትሽ ናት የያዘችልኝ።"

"እሺ። ምንም ነገር እንዳታወርድ። አዲስ ነገር በገባ ቁጥር የጠፋው ላይ ነው የሚጻፈው። የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ድሮ የጫንከው ይኖርሃል?"

ዳይሬክተሩ ሮስተሩን ገለጠ። "ተራ ቁጥር አሥራ አንድ" አለ።

"አላባረርከውም?"

"ዛሬ ላባርረው ነበር።"

ስልኩ ውስጥ ልጅቷ ሳቋን ዋጥ ስታደርግ ተሰማ። "በል ይቅርታ ጠይቀውና ክፈተው። የሚያገኘውን ሁሉ ፍላሽ ላይ ነው የምታስቀምጠው፤ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ እንዳይሆን። ቀስ ይላል፤ አትነካካው።"

የኋላ ወንበሩ ተማሪ ሥራውን ጀመረ። አንድ ሰማያዊ መስመር እየተንፏቀቀ ሄደ። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቁት፤ ልክ ውጤት ለመስማት እንደተጠሩ ወላጆች። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ አርባ ሦስት ፋይል አወጣ። አንዱም ስሙን አላስታወሰም፤ ሁሉም የፊደልና የቁጥር ውጥንቅጥ ሆነዋል። ከመካከላቸው የመጀመሪያው እርማት አለ፣ ሁለተኛው እርማት አለ፣ የምትፈልገው የመጨረሻው አለ። እየከፈቱ መለየት የግድ ነው።

"አንተ አንብብልኝ" አለች ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ። "እኔ ስሰማ አውቀዋለሁ።"

የመጀመሪያውን ከፈተና አነበበ። "ውሃ ሲሞቅ ወደ እንፋሎትነት ይለወጣል፤ እንፋሎትም ሲቀዘቅዝ..."

"አሮጌው ነው። በመጨረሻው ላይ 'ሲፈላ' ብዬዋለሁ። ቀጥል።"

ቀጠለ። ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። አንዳንዱን በመጀመሪያው መስመር ትጥለዋለች፤ አንዳንዱን ሁለት አንቀጽ ድረስ ታስነብበውና፣ "ይሄ ነው፤ ምዕራፍ አራት" ትላለች። ነጠላ ሰረዝ የጨመረችበትን ቦታ ሳይቀር ታስታውሳለች። ዳይሬክተሩ በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ ሥራዋን እንዲህ በቅርብ አይቶት አያውቅም፤ እያነበበ በሆዱ ይኮራባታል። ምሳም ሳይበሉ ስምንት ሰዓት ሆነ። ስምንት ምዕራፍ ተገኘ። የቀሩት የሰባተኛው ምዕራፍ ፋይሎች ግን ሲከፈቱ ሁሉም ከላይ እስከ ታች ባዶ ሳጥን ብቻ ሆኑ።

"እንደገና እናርመዋለን" አለች።

"ሁለት ሰዓት ነው ያለን።"

"ለዚህ ነዋ ቶሎ በል የምልህ።"

ያልታረመው ምዕራፍ ማተሚያ ቤቱ በላከው ፍላሽ ላይ ነበር። የደራሲው ረቂቅ ደግሞ በወረቀት አለ። እሱ ከወረቀቱ ጮክ ብሎ ያነብባል፣ እሷ ስክሪኑ ላይ እየተከተለች ታርማለች። ድሮ ማተሚያ ቤትም አንድ አንባቢና አንድ አራሚ ተጣምረው ነበር የሚሠሩት። ስለ ተክሎች ጀመሩ። ሥር ውሃ ይመጥጣል፣ ግንድ ያስተላልፋል። እሷ ቀስ በቀስ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች፤ ትንሽ ቆይቶ አፍንጫዋ ብርሃኑ ውስጥ ገባ።

በሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ዳይሬክተሩ በትከሻዋ በኩል ከሩቅ አየው። እሷ አለፈችው። ሊናገር ፈለገና ቁጣዋን ፈራ። ሌላ ዘዴ ቢያጣ ያንኑ መስመር ከወረቀቱ ላይ መልሶ አነበበው።

ማውዙን የያዘችው እጇ ቆመ።

"አንብበኸዋል እኮ" አለች።

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን ትደግመዋለህ?"

ሰዓቱ ስምንት ተኩል ይላል። ሚስቱ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና መልሳ አደረገችው። አንዲት ስህተት ካለፈች ሥራው ከእጇ እንደሚወጣ ሁለቱም ያውቃሉ።

"ዞር በል እስቲ" አለችው።

"ወዴት?"

"ወደ ግድግዳው።"

ዞረ። ከኋላው ሁለት ቁልፍ ቀጭ ሲል ሰማ። "በል ተመለስ" ስትለው ተመለሰ። ፊደሎቹ የሱቅ ማስታወቂያ ያህል ሆነው ስክሪኑን ሞልተውታል። የተደገመው መስመር ጎልቶ ይታያል፤ እሷም ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ እያጠፋችው ነው።

"ይሄ... ይሄን ከየት አወረድሽው?"

"ከየትም። ድሮም ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር። መስኮት የተሳለባት ቁልፍና የመደመር ምልክቷን አንድ ላይ ነው። ልጅህ ናት ያሳየችኝ። ለአባትሽ እንዳትነግሪ ብያት።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አንተ ዳቦ ልትገዛ በወጣህ ቁጥር።"

ዳይሬክተሩ ሮስተሩን አየ። አሥራ ሰባት ተማሪ መዝግቧል፤ የሚፈልገው ልጅ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። ሊስቅ አሰበና ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ።

"ለምን ደበቅሽኝ?"

"ሥራውን ተይው ትለኛለህ።"

"አልልሽም።"

"ትላለህ።"

አሰበበት። ውሸት አሁን ደስ አላለውም። "እል ነበር" አለ።

"ባለፈው ወር ጉንፋን ይዞህ ሳምንቱን ሙሉ ቤት ዋልክ፤ ያቺ ዜሮ ያን ጊዜ ነው ያመለጠችኝ" አለች፤ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

ጉንፋን ይዞት አልጋ ላይ ሆኖ ሾርባ ስትመግበው፣ ፊደሎቹን መልሳ አሳንሳ በደከመ ዓይኗ ስትሠራ ታየችው። ለዓይኗ የሚሆን ነገር ፍለጋ ስንት ሳምንት ሲባዝን፣ ዓይኗን የጋረደው እሱ ራሱ ኖሯል። ሳትጠብቀው እጇን ያዘ። እጇ ማውዙን እንደያዘ ነበር፤ ቀስቱ ስክሪኑ ላይ ተወናጨፈ።

"ሥራውን አትተይውም" አለ።

"እተወዋለሁ አልኩህ? አንብብ ይልቅ። ሰዓቱ እየሄደ ነው።"

አነበበ። እንደ ዜና አንባቢ ጥርት አድርጎ፣ ነጥቡን ሁሉ እየጠራ አነበበ። እሷ ቀጥ ብላ ተቀምጣ አሥራ ዘጠኝ ስህተት ለቀመች፤ ሁለቱ የራሱ የደራሲው ነበሩ፤ ዳይሬክተሩ ተደነቀ። ምዕራፉ ሲያልቅ ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ይላል። ዘጠኙንም ፍላሽ ላይ ጻፉ። ያለቀ ሥራ የሚቀመጥበት አንድ ፎልደርም ከፈቱ፤ ስሙን ቅርጫት አለችው፤ ዳይሬክተሩ ለመከራከር ወኔ አልነበረውም። በመካከሉ ግን ሮስተሩን ገልጦ በተራ ቁጥር አሥራ አንድ ላይ ሠላሳ አንዱን ሰረዘና ለጥቂት ጊዜ አስቦ ዘጠና ዘጠኝ ጻፈበት። አንዷን ማርክ ለምዕራፍ ሰባት ቀነሳት።

ሾፌሩ በሰዓቱ አንኳኳ። "እትዬ፣ ደርሷል?" አለ በሩ ላይ ቆሞ። "አለቃ ቶሎ ይዘህ ና ብለውኛል።"

"ደርሷል፤ አንድ ጊዜ ጠብቀኝ።"

የርክክቡን ቅጽ አወጣች። ከታች ሁለት መስመር አለ፤ አንደኛው የአራሚ፣ ሁለተኛው የአንባቢ ፊርማ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሁለተኛውን ባዶውን ነበር የምትልከው፤ ብቻዋን ለምትሠራ ሰው ማንም አይጠይቅበትም። በመጀመሪያው ላይ ፈረመች። ከዚያ ቅጹን ሳትሰጥ ቆየች።

"ለአለቃህ ንገርልኝ" አለች ለሾፌሩ። "ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም። ከእንግዲህ ሁለት ሆነን ነው የምንሠራው በለው። ካልተስማማው ይደውልልኝ።"

ሾፌሩ ወደ ዳይሬክተሩ አየ፤ ራሱን በአክብሮት ነቀነቀ።

እስክሪብቶውን ለባሏ ሰጠችው። ዳይሬክተሩ በሕይወቱ ስንት ሺህ የተማሪ ካርድ ላይ ፈርሟል፤ አሁን ግን እጁ የት እንደሚያርፍ ግራ ገባው።

"የት ጋ ነው?" አለ።

ጣቱን ይዛ ወሰደችው። ቅጹን አላየችም፤ ቦታውን በቃሏ ታውቀዋለች።

"እዚህ ጋ" አለች።