ያለ ዋስ አይነካም

እትዬ ገንዘቤ የሚጠብቁትን አሻንጉሊት አንድም ልጅ ሰብሮት አያውቅም። ነክቶት መች ያውቅና!

ለሚ ኩራ፣ ኮንዶሚኒየሞቹ መሃል ያለው ቤተ መጻሕፍት ለልጆች አሻንጉሊትና ጨዋታ አውሳለሁ ካለ ስምንት ወሩ ነው። ክፍሉን ለእትዬ ገንዘቤ አስረከቧቸው፤ አራት ልጅ አሳድገው የዳሩ፣ ጸሎተኛ፣ እጃቸው የታመነ ሴት ናቸው። እሳቸውም ቤታቸው የእንግዳ ብርጭቆ እንደሚያስቀምጡት አደረጉ። ሁሉንም እንደታሸገ ባለመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ደርድረው ቆለፉበት። መዋስ የፈለገ ልጅ ወላጁን፣ መታወቂያና ደሞዝተኛ ዋስ ይዞ ይምጣ አሉ።

"ለኳስ ዋስ?" ብሎ የሳቀባቸው ብዙ ነው።

"የሕዝብ ዕቃ ነው። እግዚአብሔር ፊት ያስጠይቃል" ይላሉ እሳቸው።

ሐሙስ ጠዋት ስልክ ተደወለ፤ የወረዳው የንብረት ክትትል ሠራተኛ አቶ ገረመው ናቸው።

"ወይዘሮ ገንዘቤ፣ ነገ እመጣለሁ። በስምንት ወር አንድ ልጅ እንኳ አልተዋሰም። እንዲህ ተቀምጦ የሚቀር ከሆነ ኦሎምፒያ አካባቢ ያለው ቤተ መጻሕፍት ጠይቆናል፣ ለነሱ እንሰጣለን።"

እትዬ ገንዘቤ ደረታቸውን ያዙ። በየማለዳው አቧራ የወለወሉላቸው አሻንጉሊቶች! ልጆቻቸው ከቤት ከወጡ ወዲህ ጠዋት ተነስተው የሚሄዱት ለነዚሁ ነበር። ምሳቸውን ትተው ጾሙ፤ "ጌታ ሆይ፣ አሻንጉሊቶቼን አታስወስድብኝ" ብለው ተንበረከኩ። ከዚያ ቁልፋቸውን ይዘው በር ላይ ቆሙ።

የሰባት ዓመቷ ዲና ከእናቷ ከአለም ጋር ከትምህርት ቤት ስትመለስ አዩዋት።

"ዲኑዬ፣ ነይ የኔ እናት፣ ያንን ባቡር ውሰጂው።"

ዲና እናቷ ጉያ ተሸጎጠች። "እትዬ፣ መስታወቱን እንኳ አልነካሁም! እውነቴን ነው!"

"አልተቆጣሁሽም እኮ፣ ልሰጥሽ ነው።"

"እትዬ ገንዘቤ፣" አለች አለም፣ "ባለፈው ዋስ አምጡ ብለው መለሱን። ኤርፖርት ካርጎ የሚሠራ ሰው ባመጣም፣ ደሞዙ ትንሽ ነው አሉኝ። ዛሬ ምን ተገኘ?"

"ዋሱ እኔ ነኝ።"

"እርስዎ? ራስዎ ለራስዎ?"

"አታድርቂኝ ልጄ፣ ፈርሚ!"

ወሬው ብሎኩን ሁሉ አዳረሰ። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ባቡሩም፣ ኳሱም፣ ዳማውም፣ ገበጣውም ወጥቶ አለቀ። መዝገቡ ላይ ዋስ በሚለው ቦታ ከላይ እስከ ታች ገንዘቤ፣ ገንዘቤ፣ ገንዘቤ ብቻ ሆነ።

በነጋታው አቶ ገረመው ባዶውን ቁም ሣጥን አይተው ክው አሉ። መዝገቡን አገላበጡ።

"ይኼ ሁሉ በትናንትናው ቀን?"

"ጌታ ሲሠራ እንዲህ ነው።"

"ይሁና። ሥራ ላይ ከዋሉ እዚሁ ይቆዩ።" እትዬ ገንዘቤ "ተመስገን!" ብለው ሳይጨርሱ፣ አቶ ገረመው መስታወቱን በጣታቸው አንኳኩት። "ቁም ሣጥኑ ግን ባዶውን ምን ይሠራል? የኛ ፋይል መሬት ላይ ነው ያለው።"

ከምሳ በፊት ሁለት የቀን ሠራተኞች መጥተው ቁም ሣጥኑን ተሸክመው ሄዱ።

ሰኞ ልጆቹ ዕቃውን ሲመልሱ ማስቀመጫ ጠፋ። ሁሉም ወለሉ ላይ ተዘረገፈ፤ ልጆቹም አብረው ተዘረገፉ። እትዬ ገንዘቤ ወንበራቸው ላይ ሆነው ወደ ጣሪያው ቀና አሉ።

"ጌታዬ፣ እኔ የለመንኩህ ስለ አሻንጉሊቶቹ ብቻ ነበር፤ የቀረውን አንተ ብትሞላው ምን ነበረበት?"

"እትዬ፣" አለች ዲና ከእግራቸው ሥር፣ "እግርዎን ያንሱልኝ፣ ባቡሩ ሊያልፍ ነው።"

አነሱላት።