ሲግል የማይነሳው መኪና

በ1977 ዓ.ም. አሰላ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ጋራዥ መካኒክ ነበርኩ። አለቃችን ጓድ አሰግድ መኪና ነድቶ አያውቅም። የናፍጣ ኮታ ሲቀነስ ግን ወደ ሞተር ናፍጣ የሚረጨው የጭነት መኪናዎቹ ፖምፓ ሁሉ መጠኑን እንዲቀንስ አዘዘ። "ሞተሩ ሲግል አልነሳ ይላል" አልኩት።

"ሥራህን ሥራ!"

የናፍጣውን መጠን የሚወስነውን የፖምፓ ብሎን በገዛ እጄ አጠበቅኩት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሹፌሩ ከሊፋ ከአቦምሳ እህል ጭኖ ሲመጣ ዴራ ኬላ ላይ ለፍተሻ ሞተር አጠፋ። ከዚያ በኋላ ቢለው ቢሠራው አልነሳ አለ። ባትሪው አለቀ፤ እህሉንም ዝናብ መታው። አሰግድ "አሻጥር ነው!" ብሎ ከሊፋን አሳሰረው።

ከሊፋ አሥራ አንድ ዓመት ሲነዳ መኪናውን እንደ ልጁ የሚያይ ሰው ነበር። ይህን እያወቅኩ ዝም አልኩ። ልጆች አሉኝ፣ ዘመኑም ክፉ ነው እያልኩ ሃያ ቀን ዝም አልኩ። በሃያ አንደኛው ቀን ሚስቱ ሰኪና ጋራዡ በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ጋሼ፣ እውነት ሆን ብሎ ነው ያበላሸው?"

ደሜ ፈላ። በእሷ አይደለም፤ በአሰግድና በራሴ።

ተጎትቶ ጋራዥ የገባውን ያንኑ መኪና በቀዝቃዛው አስነስቼ ወደ ዴራ ቁልቁል ወረድኩ፤ ዳገቱን ስመለስ ሞተሩ እሳት ሆኗል። አሰግድ ሠራተኛውን ሰብስቦ ከሚናገርበት አዳራሽ በር ላይ አጠፋሁት።

"ጓድ አሰግድ፣ ይውጡና ያስነሱት!"

ሁሉም ወጣ። አሰግድ ሰው ፊት እምቢ ማለት ቢያፍር ቁልፉን አዞረ። ማስነሻው ሞተሪኖ ይጮኻል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ካቻቢቴዬን አውጥቼ ብሎኑን ወደ ነበረበት መለስኩት። በአንድ ጊዜ ተነሳ።

"ያጠበቅኩት እኔ ነኝ፤ ያዘዝከኝ አንተ ነህ!" አልኩ። አንቱታው ከአፌ ጠፍቶ ነበር። "አሻጥረኛው ታዲያ ማነው?"

አሰግድ ፊቱ አመድ መስሎ "ይታያል" ብሎ ገባ።

ከሊፋ በማግስቱ ተፈታ። ቤቱ ሄጄ እጄን ብዘረጋለት አልጨበጠኝም።

"ጋሼ ወልደጻድቅ፣ ከመጀመሪያው ቀን ያውቁ ነበር?"

"አዎ።"

"ሃያውን ቀን ታዲያ ምን ሲያደርጉ ከረሙ?"

የዘረጋሁትን እጄን ሰብስቤ ወጣሁ። ከሊፋ መሪ ዳግመኛ ሳይነካ አርቦዬ ገብቶ እርሻ ያዘ። አሰግድን በወሩ አሳድገው ሌላ መሥሪያ ቤት ሾሙት።