እትዬ ሸዋዓለም ሊቆርቡ የሄዱ ዕለት

የኔ ነገር እንዲህ ነው፤ አፌ ዝም አይል፣ እጄ አያርፍ። ቆሎ ይዤ አጠገቤ ያለውን ሰው ሳላቃምስ ብበላ አይወርድልኝም።

የእትዬ ሸዋዓለም ልጅ እኮ ጠዋት ነግራኝ ነበር። ልደታ ኮንዶሚኒየም በር ላይ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ለብቻዬ ጠራችኝና፣ «ነጅማ፣ እማዬ ዛሬ ትቆርባለች። ትረሳለችና ውሃም ቢሆን እንዳትቀምስ ጠብቂልኝ» አለችኝ። እትዬ ሸዋዓለም ክርስትና የተነሱት አዳዲ ማርያም ነው። አእምሯቸው እየከዳቸው ስለሆነ፣ ጨርሶ ሳይጠፋ አንዴ እዚያ መቁረብ ነው ምኞታቸው። ልጅቷ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ብታጣ አደራውን ለእኔ ሰጠች፤ ለሽርሽር ለመጣሁት ለሙስሊሟ ጎረቤት። «አታስቢ» አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

የብሎካችን ሰዎች በፍልሰታ ጾም ወደ አዳዲ ማርያም ያሰናዱት የደርሶ መልስ ጉዞ ነው። ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ መጀመሪያ ጢያ ሄድን። አስጎብኚው ጎራዴ የተቀረጸባቸውን ድንጋዮች እያሳየ የጥንት ሰዎች መቃብር መሆናቸውን ሲያስረዳ፣ እኔ «ፎቶ አንሱኝ» እያልኩ ሰውን ሁሉ አስቸገርኩ። ከዚያ ቆሎዬን አወጣሁና፣ እንደ ሁልጊዜው፣ መጀመሪያ ለእትዬ ሸዋዓለም መዳፍ ሙሉ ዘገንኩላቸው። መርቀውኝ በሉ።

አደራው ትዝ ያለኝ አውቶቡስ ውስጥ ነው፣ እሳቸው ራሳቸው «እሰይ፣ ዛሬስ አልረሳሁም፤ ምንም አልቀመስኩም» ሲሉ። በልቶ መቁረብ ኃጢአት መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ ስንት ዓመት አብረን ኖረናል። ማንም አላየንም፤ ዝም ብል ማንም አያውቅም። ግን እኚህን ሴትዮ አሳስቼ አላህ ምን ይለኛል?

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«እትዬ፣ ጢያ ላይ ቆሎ አብልቼዎታለሁ። ጠብቂ ተብዬ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። «በላሁ?»

«በልተዋል።»

«ምነው ልጄ» አሉኝ። በሰደቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዓለት በተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲቀደስ እሳቸው ውጪ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አለቀሱ። እኔም አጠገባቸው አለቀስኩ። ሌሎቹ ቆርበው፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲወጡ፣ እትዬ ቀና ብለው ማየት እንኳ አልቻሉም።

ስንመለስ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ዓለም ገና ስንደርስ ነቁና ፊታቸው በርቶ አዩኝ።

«ነጅማ፣ ቆረብኩ አይደል?»

አንዴ አስለቅሻቸዋለሁ፤ እንዴት ብዬ ልድገም?

«አዎ እትዬ። ቆርበዋል።»

«ተመስገን» አሉና ነጠላቸውን ስበው አፋቸውን ሸፈኑ። ልደታ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ልጃቸው በር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። እናቷን አፋቸውን ሸፍነው ሲወርዱ ስታይ፣ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አገላብጣ ሳመችኝ።