በክንዴ ውስጥ የሄደው ትል

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ቲማቲም ስለቅም አንድ ትል በግራ መዳፌ ገብቶ ከቆዳዬ ስር መንገድ ማውጣት ጀመረ። አያምም። ነጭና ጠማማ መንገድ ነው፤ ቁርጥ የቲማቲሜ ቅጠል ላይ ያለውን። ማሳዬ ላይ ያልበላው ቅጠል ስላልቀረ ወደ እኔ አለፈ።

ሚስቴ ዘይኑ ክንዴን በስንዝር ለካችው።

«በቀን አንድ ስንዝር ይሄዳል» አለች። «እስከ ልብህ አራት ነው።»

ከዚያ ሳቀች። እኔ ስፈራ ሁልጊዜ ትስቃለች።

ረቡዕ የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ እቴነሽ መጣችና ክንዴን አገላብጣ አየች።

«መድኃኒት ረጭተሃል?»

«ደመናውን እስኪያስነጥሰው ረጭቻለሁ።»

«እንግዲያው ተርቦቹን ፈጅተሃቸዋል። ከቅማል ያነሱ ተርቦች አሉ። ትሉን ቅጠሉ ውስጥ እንዳለ ወግተው እንቁላል ይጥሉበታል፤ ልጆቻቸው ትሉን በልተው ያድጋሉ። ያንተ ማሳ ላይ አንድም የለችም።»

«የት ይገኛሉ?»

«ያልተረጨ ቦታ ነዋ። አያ ሙሄ ጋ።»

ጎረቤቴ አያ ሙሄ የማሳውን ዳር አያርምም፣ መድኃኒትም አይረጭም። ባለፈው ደቦ ላይ አርባ ሰው ፊት እንዲህ ብዬ ገጥሜበታለሁ፦

የአያ ሙሄ ማሳ ሙጃው አሽቶ፣
ቲማቲሙ ወጣ ቤት ተከራይቶ።

ከዚያ ወዲህ ሰላም አይለኝም። ሐሙስ ትሉ ክርኔን ሲያልፍ ግን ሄድኩ።

«አያ ሙሄ፣ በአላህ፣ ክንዴን ሙጃህ ላይ አንዴ ላሳርፋት።»

«መጀመሪያ ግጥምህን ዋጣት» አለ። «ደቦው እያየ።»

በማግስቱ ደቦው ሲሰበሰብ ትሉ ትከሻዬ ላይ ደርሷል። ሁለቱን ስንኝ ከአርባው ሰው ጆሮ አንድ በአንድ ለቅሜ ዋጥኩ። እንደ ደረቅ ቆሎ ጉሮሮዬን እየፋቁ ወረዱ።

«በል ተጋደም» አለኝ አያ ሙሄ።

ተጋደምኩ። ከሙጃው ውስጥ ሰባት ሺህ ተርብ ወጣ፤ ቢያንስ። ትሉን ሲፈልጉ በቀጭን ቀንዳቸው ትከሻዬን አንኳኩ፣ ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው። አንዷ ወጋች። ትሉ ከልቤ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ደቦው እልል አለ።

በአስረኛው ቀን፣ እዚያው ሙጃ ዳር ዘይኑም ባለችበት ተሰብስበን ሳለ፣ ትከሻዬ ላይ ክብ ቀዳዳ ተከፈተ። ጥቁር ተርቦች ተራ በተራ ወጥተው ክንፋቸውን አደረቁ።

«ተረፍክ» አለ አያ ሙሄ። «ከእንግዲህ ዳር አታርም።»

«አላርምም።»

ተርቦቹ ወደ ሙጃው አልሄዱም። ተነሥተው ዘይኑ አንገት ላይ አረፉ፤ ዙሪያውን ተሰልፈውም ቆዳዋን ማንኳኳት ጀመሩ። ዘይኑ እየሳቀች ነበር። ሳቋ ሲቆም፣ ከቆዳዋ ስር መልሶ የሚያንኳኳ ነገር ሰማን።